የትኛው የወጪ ንግድ ድጋፍ ለየትኛው ላኪ? የቀረጥ፣ የዶላር፣ የብድርና የፓርክ ማበረታቻዎች ሲነጻጸሩ

ላኪ ለመሆን ያሰበ ሰው ቢሮ ለቢሮ ሲዞር የሚሰማው ቃል ብዙ ነው፦ ቫውቸር፣ ቦንድድ፣ ተመላሽ፣ ሪቴንሽን፣ የግብር እፎይታ፣ ሼድ፣ የብድር ዋስትና። ሁሉም «ማበረታቻ» ይባላሉ፤ እያንዳንዱ ግን የራሱ አዋጅ ወይም መመሪያ፣ የራሱም መሥሪያ ቤት አለው። የጉምሩክ ሠራተኛ ስለ ብድር አይነግርዎትም፤ የባንክ ሠራተኛም ስለ ቫውቸር መጠየቁን አይወድም። ጎን ለጎን አስቀምጦ «ለእርስዎ ሥራ ይኸኛው ይሻላል» የሚል ሰው ከተገኘ ብዙውን ጊዜ ከአንዱ ወገን ኮሚሽን የሚያገኝ ነው።

የማወራው ስለ ኢትዮጵያ ነው። ከደርግ በኋላ የጀመረው ከዕዝ ወደ ገበያ የሚደረገው ሽግግር ገና አላለቀም፤ ትልቁ እርምጃ፣ የብር ዋጋ በገበያ እንዲወሰን መደረጉ፣ የመጣው ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ነው። ይህ ለንጽጽሩ ወሳኝ ነው። ከዚያ በፊት ለላኪ ይሰጥ የነበረው ድጋፍ ግማሹ ድጋፍ ሳይሆን ካሳ ነበር፤ መንግሥት በአንድ እጁ ዶላሩን በርካሽ እየወሰደ በሌላው እጁ የሚመልስለት። አሁን ካሳው የሚከፈልበት ጉዳት ሲቀንስ የየማበረታቻው ክብደትም ተለውጧል። የዛሬ አምስት ዓመት የተሰጠዎትን ምክር ዛሬ ሳይመረምሩ አይከተሉት።

ከመምረጥ በፊት መለኪያ

እኔ አምስት ጥያቄ እጠይቃለሁ፤ ክብደታቸው ግን እኩል አይደለም።

ዋነኛው፦ ድጋፉ የሚነካው የትኛውን ወጪዎን ነው? አንድ ላኪ ከእያንዳንዱ መቶ ብር ወጪው ውስጥ ስንቱ ከውጭ ለሚገባ ዕቃ፣ ስንቱ ለአገር ውስጥ ጥሬ ዕቃ፣ ስንቱ ለወለድ፣ ስንቱ ለትራንስፖርት እንደሚወጣ ካላወቀ የትኛውንም ማበረታቻ መመዘን አይችልም። የጋርመንት ፋብሪካ ጨርቁን፣ ክሩን፣ ዚፑን ከውጭ ያስገባል፤ ቀረጥ ለእሱ የሞት ሽረት ጉዳይ ነው። ሰሊጥ ላኪ ከውጭ የሚያስገባው ጥሬ ዕቃ የለውም፤ የዓለም ምርጥ የቀረጥ ማበረታቻ ቢሰጠው ምን ያደርግበታል?

ሁለተኛው፦ ጥቅሙ የሚደርሰው መቼ ነው? ከመላክ በፊት የሚገኝ አንድ ብርና ከላኩ ከስድስት ወር በኋላ የሚመለስ አንድ ብር እኩል አይደሉም፤ በመካከላቸው የባንክ ወለድ አለ።

ሦስተኛው የሚጠየቀው መያዣና ወረቀት ነው። አራተኛው፣ ሰው የማይጠይቀው፣ ሳይሳካ ቢቀር የሚከተለው ቅጣት ነው፤ ውሉ ቢፈርስ፣ ገዢው ቢከዳ፣ ዕቃው ቢመለስ። አምስተኛው የድጋፉ ዕድሜ ነው፦ በአዋጅ የቆመ ነገር እንዲለወጥ ምክር ቤት መቅረብ አለበት፤ በመመሪያ የቆመ ግን በአንድ ሌሊት ይለወጣል። የውጭ ምንዛሪ ሕግን የተከታተለ ይህን ያውቀዋል።

የቀረጥ ማበረታቻዎች፦ አንድ አዋጅ፣ ብዙ በር

መሠረቱ የወጪ ንግድ ቀረጥ ማበረታቻ አዋጅ ቁጥር 768/2004 ነው። ሐሳቡ ቀላል ነው፤ ተሠርቶ ወደ ውጭ ለሚሄድ ዕቃ በግብዓትነት የገባ ነገር ቀረጥና ታክስ አይሸከም። ልዩነቱ የሚመጣው ቀረጡ እንዴት ይነሣል በሚለው ላይ ነው።

*የቀረጥ ተመላሽ።* ሲያስገቡ ይከፍላሉ፣ ሠርተው ይልካሉ፣ ከዚያ ማስረጃ አቅርበው ያስመልሳሉ። ለመጀመር ከሁሉ የቀለለ በር ነው፤ አልፎ አልፎ ለሚልክ፣ ምርቱን በአብዛኛው በአገር ውስጥ ለሚሸጥ አምራችም ይስማማል። ችግሩ ገንዘብዎ መታሰሩ ነው። እንበልና ለጥሬ ዕቃ የከፈሉት ቀረጥና ታክስ 3 ሚሊዮን ብር ነው፤ ዕቃው ገብቶ፣ ተሠርቶ፣ ተልኮ፣ ተመላሹ እስኪገኝ ስድስት ወር ፈጀ፤ ገንዘቡን በ18 ከመቶ ዓመታዊ ወለድ ተበድረውታል። 270,000 ብር ለወለድ ሄደ ማለት ነው። ወረቀቱ ላይ «ሙሉ በሙሉ ተመላሽ» ይላል፤ ኪስዎ ግን ሌላ ይነግርዎታል። ስለዚህ የትርፍ ህዳጉ ጠባብ ለሆነ ሥራ ተመላሽን እንደ መሸጋገሪያ እንጂ እንደ ቋሚ ሥርዓት አልመክርም።

*ቫውቸር።* ቫውቸር በገንዘብ የተተመነ ሰነድ ነው፤ ሲያስገቡ በቀረጡ ፋንታ ይመዘገባል፣ ሲልኩ ይወራረዳል። ጥሬ ገንዘብ ከእጅዎ አይወጣም። በየጊዜው ለሚልክ አምራች ከተመላሽ ይበልጣል፤ በቀጥታ ለሚልክ ብቻ ሳይሆን ምርቱን ለላኪ የሚያቀርብም ሊገባበት ይችላል። ይህን ብዙ አነስተኛ አምራቾች አያውቁም፤ ሶል የሚሠራ ድርጅት ጫማውን የሚልከው ሌላው ስለሆነ እኔን አይመለከተኝም ብሎ ይቀመጣል።

*ቦንድድ ፋብሪካና ቦንድድ ማኑፋክቸሪንግ መጋዘን።* ፋብሪካው ወይም መጋዘኑ በጉምሩክ ቁጥጥር ሥር ይሆናል፤ ጥሬ ዕቃው ቀረጥ ሳይከፈልበት ገብቶ እዚያው ተሠርቶ ይወጣል። ለዚህ ምርትን ሙሉ በሙሉ ወደ ውጭ መላክ ይጠበቃል። በገንዘብ ፍሰት ረገድ ከሁሉም የተሻለው ይኸው ነው። ዋጋው ነፃነት ነው፤ ዕቃ ሲገባና ሲወጣ የጉምሩክ ሰው መኖር አለበት፣ መዝገብዎ በየቀኑ ንጹሕ መሆን አለበት፣ በገዢ የተሰረዘ ምርት ቢተርፍዎ ወደ መርካቶ መውሰድ አይችሉም።

*ቦንድድ የግብዓት አቅርቦት መጋዘን።* ብዙ የማይወራለት ነው። አንድ አስመጪ ክር፣ ቁልፍ፣ ኬሚካል፣ የጫማ ሙጫ የመሰለውን በቦንድ አስገብቶ ለላኪ አምራቾች ያከፋፍላል። አንድ ኮንቴይነር ሙሉ ዚፕ ለማስመጣት አቅም የሌለው አነስተኛ አምራች ከዚህ የሚያገኘው ጥቅም ትልቅ ነው፤ ችግሩ እንዲህ ያለ አቅራቢ በሚፈልጉት የሥራ ዘርፍ መኖር አለመኖሩ ነው። ካለ በመጀመሪያ እሱን ያናግሩ።

አራቱንም የሚያገናኝ ወጥመድ አለ፤ የግብዓትና የምርት ጥምርታ። አንድ ሸሚዝ ስንት ሜትር ጨርቅ ይበላል? ከቆዳው ስንት ከመቶው ቁርጥራጭ ይሆናል? ይህ ቁጥር አስቀድሞ ይጸድቃል፤ ሒሳብዎ የሚወራረደውም በእሱ ነው። መጀመሪያ ላይ በግምት ተሞልቶ የጸደቀ ጥምርታ በኋላ ጣጣ ያመጣል፦ በመዝገብ የገባው ጨርቅ ከተላከው ሸሚዝ ጋር ካልገጠመ ልዩነቱ በአገር ውስጥ እንደተሸጠ ይቆጠራል፤ ቀረጡና ቅጣቱ ይከተላል፤ ነገሩ ሆን ተብሎ የተደረገ ነው ከተባለም በወንጀል ያስጠይቃል። ለትራንዚተር ብቻ የሚተው ነገር አይደለም። የምርት ክፍል ኃላፊዎ ተቀምጦ ይቁጠረው።

ደግሞ መንግሥት በቀረጥ እንደሚደግፍ ሁሉ በቀረጥ ያግዳልም። በአዋጅ ቁጥር 567/2000 በጥሬ ቆዳና ሌጦ ላይ የ150 ከመቶ የወጪ ንግድ ታክስ ተጣለ፤ ዓላማው ቆዳው ለስልሶና ተሠርቶ እንዲወጣ ማስገደድ ነበር። የጤፍ እህልም ከ1998 ዓ.ም. ጀምሮ እንዳይላክ ታግዶ፣ በምትኩ እንጀራው ነው የሚወጣው። ማበረታቻ ከመፈለግዎ በፊት ምርትዎ በየትኛው ደረጃ ሲወጣ እንደሚፈቀድ ይጠይቁ።

ዶላሩ፦ ማቆየት (ሪቴንሽን) እና የምንዛሪ ተመን

ጥር 2014 ላይ ከወጪ ንግድ የሚገኘው የውጭ ምንዛሪ 70 ከመቶው ለብሔራዊ ባንክ፣ 10 ከመቶው ለባንኩ፣ 20 ከመቶው ብቻ ለላኪው እንዲሆን ተደንግጎ ነበር። 100,000 ዶላር ያመጣ ሰው በዶላር የሚያዝዘው 20,000ውን ነው፤ የተቀረው በይፋዊው ተመን ወደ ብር ይለወጣል። ጥቁር ገበያው ደግሞ ከዚያ እጥፍ ይጠራ ነበር። ውጤቱን ሁሉም ያስታውሳል፦ ቡናና ሰሊጥ ከዓለም ዋጋ በላይ ተገዝቶ በኪሳራ ይላካል፤ ኪሳራው በተገኘችው ዶላር በሚገባ መኪና ወይም ብረት ይካካሳል። ንጹሕ ላኪው፣ አስመጪ ያልሆነው፣ ከዚህ ሰው ጋር መወዳደር አልቻለም።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በወጣው የውጭ ምንዛሪ መመሪያ ለብሔራዊ ባንክ የማስረከብ ግዴታው ቀረ፤ ላኪው ግማሹን በውጭ ምንዛሪ ሒሳቡ እንዲያቆይ ተፈቀደ፤ የተቀረውንም ለባንክ የሚሸጠው በገበያ ተመን ሆነ። ከዚያ በፊት አንድ ዶላር በይፋ 57 ብር ገደማ ነበር፤ በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር አለፈ። በእኔ ሚዛን በሠላሳ ዓመት ውስጥ ለላኪ ከተሰጠው ድጋፍ ሁሉ ትልቁ ይኸው ነው፤ ማመልከቻ አያስፈልገውም፣ ኮሚቴ አያይም፣ ቡና ላኪውንም አበባ ላኪውንም እኩል ይነካል። በ2017 በጀት ዓመት ከሸቀጦች ወጪ ንግድ የተገኘው ገቢ ከ8 ቢሊዮን ዶላር በላይ ሆኖ ሲመዘገብ (በቀደመው ዓመት 3.8 ቢሊዮን ገደማ ነበር) ትልቁን ድርሻ የያዙት ወርቅና ቡና ናቸው። የሁለቱም የዓለም ዋጋ በዚያው ጊዜ ስለጨመረ ሁሉንም ለምንዛሪው ለውጥ መስጠት ስህተት ነው። ቀድሞ በሕገ ወጥ መንገድ ይወጣ የነበረ ወርቅ ወደ ብሔራዊ ባንክ መመለሱ ግን ከተመኑ ጋር በቀጥታ የተያያዘ ነው።

ጥቅሙ ለማን ይበዛል? ግብዓቱ የአገር ውስጥ፣ ሽያጩ በዶላር ለሆነ። ጨርቁን በዶላር ለሚገዛ ፋብሪካ የብር መርከስ ጥሬ ዕቃውንም በዚያው ልክ ያስወድድበታል፤ እሱ የሚያተርፈው በደመወዝና በኪራይ ላይ ብቻ ነው። ለእሱ ትርጉም ያለው ተመኑ ሳይሆን ያቆየው ዶላር ነው፤ ሌላ ወረፋ ሳይጠብቅ ቀጣዩን ጨርቅ ያዝዝበታል።

ድክመቱ ዕድሜው ነው። በመመሪያ የተሰጠ ነው፤ የማቆያው መጠንም ሆነ ጊዜው በመመሪያ ይለወጣል። ውል ከመፈረምዎ በፊት በዚያ ሳምንት የሚሠራበትን መመሪያ ከባንክዎ በጽሑፍ ይጠይቁ። ሌላው፣ የላኩበትን ገንዘብ በተወሰነው ጊዜ ካላስገቡ ስምዎ በዕዳ ካለባቸው ላኪዎች ዝርዝር ይገባል፤ ቀጣዩ የኤክስፖርት ፈቃድ እጅዎ አይገባም። ገዢው የከዳው ሰውም፣ ሆን ብሎ ገንዘቡን ውጭ ያስቀረውም እኩል ይመዘገባሉ።

ብድርና ዋስትና

ከባንክ የሚገኝ ቅድመ ጭነት ብድር ለቡና፣ ለሰሊጥና ለጥራጥሬ ላኪ የሕይወት ገመድ ነው። ወቅቱ አጭር ነው፤ አርሶ አደሩና አቅራቢው ጥሬ ገንዘብ ይፈልጋሉ፤ የገዢው ክፍያ የሚመጣው ከተጫነ በኋላ ነው። ሁሉም ባንክ ለላኪ ከሌላው ተበዳሪ ይልቅ ያዳላል፤ ዶላር ያመጣለታልና። ነገር ግን ነሐሴ 2015 ብሔራዊ ባንክ የባንኮች ዓመታዊ የብድር ዕድገት ከ14 ከመቶ እንዳይበልጥ ገደበ፤ ገደቡ በኋላ ወደ 18፣ ከዚያም ወደ 24 ከመቶ ከፍ ብሏል። ስለዚህ ብድሩ የመፈቀዱን ያህል መቼ እንደሚለቀቅም ይጠይቁ። በኅዳር የሚያስፈልግ ገንዘብ በመጋቢት ቢለቀቅ ለቡና ላኪ ምንም አይደለም።

የወጪ ንግድ ብድር ዋስትና የሚባለውን በደንብ መረዳት ያስፈልጋል። በልማት ባንክ በኩል የሚሰጠው ይህ ዋስትና የሚጠብቀው አበዳሪውን ባንክ ነው፤ እርስዎን አይደለም። መያዣ የሌለው ላኪ ብድር እንዲያገኝ ያግዛል፤ ዱባይ ያለው ገዢ ባይከፍልዎ ግን ዕዳው የእርስዎ ነው። ከኮሚኒዝም ወደ ገበያ የተሻገሩት የምሥራቅ አውሮፓ አገሮች ግን ላኪውን ራሱን ከማይከፍል ገዢ የሚጠብቀውን መድን በጊዜ ጀምረዋል፦ ፖላንድ በ1991፣ ሀንጋሪ በ1994 እ.ኤ.አ. የወጪ ንግድ ብድርን መድን የሚሰጡ የመንግሥት ተቋማት አቋቁመው የገዢን ክህደት ሳይቀር በመድን ሸፈኑ። በእኛ አገር ለተራ ላኪ የዚህ ቦታ ባዶ ነው ማለት ይቻላል፤ የሚተካው የክፍያ ዘዴ ነው። አዲስ ገዢ ከሆነ ቅድሚያ ክፍያ ወይም የተረጋገጠ ኤልሲ (ሰነዱ ሲሟላ ባንክ ራሱ እንዲከፍል የሚያስገድድ የክፍያ ሰነድ)፤ ከዚያ ውጭ ያለውን ለቆየ ደንበኛ ይተዉት።

የልማት ባንክ የረጅም ጊዜ ብድር ሌላ ታሪክ አለው። በ1990ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ የአበባ እርሻዎች ከፕሮጀክቱ ወጪ 70 ከመቶውን ከዚህ ባንክ እየተበደሩ፣ ርካሽ መሬትና የአየር መንገዱን የካርጎ አገልግሎት እያገኙ፣ ኢትዮጵያን በአፍሪካ ከኬንያ ቀጥላ ሁለተኛዋ አበባ ላኪ አደረጓት። ያው ባንክ በኋላ ለጨርቃ ጨርቅና ለሰፋፊ እርሻዎች የሰጠው ብድር ብዙው ተበላሸ። ልዩነቱን ሳስበው፣ አበባው ጋ ብድሩ፣ መሬቱ፣ አውሮፕላኑና ገበያው በአንድ ጊዜ ተገናኝተዋል፤ ጨርቁ ጋ ግን ብድሩ ብቻውን ነበር የቀደመው። አነስተኛና መካከለኛ አምራች ከሆኑ ከፕሮጀክት ብድሩ ይልቅ የባንኩን የሊዝ ፋይናንስ ይመልከቱ፦ እርስዎ 20 ከመቶ ያዋጣሉ፣ ባንኩ ማሽኑን በ80 ከመቶ ይገዛል፣ ማሽኑ ራሱ መያዣ ነው።

የኢንዱስትሪ ፓርክና ልዩ የኢኮኖሚ ዞን

የፓርኮች አዋጅ ቁጥር 886/2007፣ ቀጥሎም የልዩ የኢኮኖሚ ዞን አዋጅ ቁጥር 1322/2016 ያመጡት ጥቅም ጥቅል ነው፦ የተሠራ ሼድ (የማምረቻ አዳራሽ)፣ ጉምሩክና ባንክ በአንድ ግቢ፣ ከቀረጥ ነፃ የሚገባ ማሽንና ግብዓት፣ የገቢ ግብር እፎይታ። ሐዋሳ በ2008 ሲመረቅ እንደ አርአያ ታየ፤ ድሬዳዋ በ2014 ነፃ የንግድ ቀጠና ሆነ። ለጂቡቲ ከቀረቡት አንዱ በመሆኑና የባቡሩ መስመር በከተማዋ ስለሚያልፍ ድሬዳዋን ለከባድ ጭነት እመርጣለሁ።

ፓርክ ለማን? ብዙ ሠራተኛ ለሚቀጥር፣ ወዲያው ማምረት ለሚፈልግ፣ ቋሚ የውጭ ገዢ ላለው። ለማን አይደለም? ገዢ ፍለጋ ላይ ላለ። ኪራይ በየወሩ ይቆጥራል። የሠራተኛ ፍልሰትም አለ፤ በተለይ ሐዋሳ ላይ ሰልጥኖ የሚለቀው ብዙ እንደነበር ባለሀብቶቹ ሁሉ የሚያወሩት ነው፤ ምክንያቱም ደመወዙ የከተማዋን የቤት ኪራይ አይችልም። የሰሜኑ ጦርነት ደግሞ የመቀሌ ፓርክን ሥራ ሲያቆም አንድ ቦታ ላይ ሁሉን ማስቀመጥ ምን እንደሚያስከትል አሳይቷል። ዞኑ ውስጥ የተመረተው ምን ያህሉ በአገር ውስጥ መሸጥ እንደሚችል ውሉ ላይ በግልጽ ይስፈር፤ ገዢ ሲሰርዝ መውጫዎ እሱ ነው።

ግብርና ተጨማሪ እሴት ታክስ

የገቢ ግብር እፎይታ በማስታወቂያ ላይ የሚያምር፣ በሒሳብ ላይ የሚያንስ ነው። ግብር የሚከፈለው በትርፍ ላይ ነው፤ በመጀመሪያ ዓመታት የማያተርፍ ድርጅት ነፃ የሆነው ከምንድን ነው? እፎይታ ብለው ቦታ ወይም ዘርፍ አይምረጡ።

ወደ ውጭ የሚላክ ዕቃ ተጨማሪ እሴት ታክሱ ዜሮ ነው፤ ለግብዓት የከፈሉትን 15 ከመቶ ያስመልሳሉ ማለት ነው። ይህ ስጦታ አይደለም፣ የታክሱ ባሕርይ ነው። ተመላሹ ሲዘገይ የሚያመጣው ጣጣ ከቀረጥ ተመላሹ ጋር አንድ ነው። ደረሰኝ የማይሰጥ አቅራቢ ጋ የሚገዛ ላኪ ይህን መብቱን ራሱ ይጥለዋል።

ሌላ አገር የሚሰጠው ድጋፍ

የቀረጥ ነፃ ገበያ ዕድል መንግሥታችን የሚሰጠው አይደለም፤ ግን ዕቃው የኢትዮጵያ ምርት መሆኑን የሚያረጋግጠው የመነሻ ሰርተፊኬት ከእኛ ስለሚወጣ እዚሁ ላንሣው። የአውሮፓ ኅብረት ከጦር መሣሪያ በቀር ለሁሉም ዕቃ ከቀረጥና ከኮታ ነፃ ገበያ ከፍቷል፤ ቻይናም ከኅዳር 2017 ጀምሮ እንደ እኛ ላሉ በኢኮኖሚ ዝቅተኛ ደረጃ ላይ ላሉ አገሮች ቀረጧን ሙሉ በሙሉ አንሥታለች። የአፍሪካ ምርቶች ከቀረጥ ነፃ የሚገቡበት የአሜሪካው ሕግ፣ አጎአ፣ ግን ከጥር 1 ቀን 2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለኢትዮጵያ ተዘግቷል፤ ሐዋሳ ፓርክ ላይ ትልቁ ተከራይ ዕድሉ ከመዘጋቱ ትንሽ ቀደም ብሎ ነው ወጥቼ ልሂድ ያለው። ምርቱን ሁሉ ለአንድ ገበያ ያሰናዳ ፋብሪካ ከዚያ የተማረው ውድ ትምህርት ነው። ቡና ዋናው ገበያ ላይ ያልተቆላ ሆኖ ሲገባ ቀረጥ ስለማይከፍል ይህ ሁሉ ለእሱ ብዙ ለውጥ የለውም፤ የተሰፋ ልብስ ግን ያለዚህ ዕድል ተወዳዳሪ አይሆንም።

በአንድ እይታ

| ድጋፍ | የሚነካው ወጪ | ጥቅሙ መቼ? | የሚጠይቀው | አደጋው | ዕድሜ |
|---|---|---|---|---|---|
| የቀረጥ ተመላሽ | የገባ ግብዓት | ከላኩ በኋላ | ዲክላራሲዮን (የጉምሩክ መግለጫ) እና ማስረጃ | ገንዘብ ይታሰራል | በአዋጅ፣ ረጅም |
| ቫውቸር | የገባ ግብዓት | ሲያስገቡ | የጸደቀ ጥምርታ | ሳይወራረድ ቢቀር ቀረጥና ቅጣት | በአዋጅ፣ ረጅም |
| ቦንድድ ፋብሪካ/መጋዘን | የገባ ግብዓት | ሲያስገቡ | ሙሉ በሙሉ መላክ፣ የጉምሩክ ቁጥጥር | በአገር ውስጥ መሸጥ የለም | በአዋጅ፣ ረጅም |
| ዶላር ማቆየት | ቀጣይ ግዢ | ክፍያ ሲገባ | ገንዘቡን በጊዜው ማስገባት | የዕዳ ዝርዝር | በመመሪያ፣ ተለዋዋጭ |
| ቅድመ ጭነት ብድር | የወቅት ሥራ ማስኬጃ | ከመላክ በፊት | ውል፣ መያዣ ወይም ዋስትና | ገዢ ቢከዳ ዕዳው የእርስዎ | በባንኩ አቅም |
| ሊዝ ፋይናንስ | ማሽን | ከማምረት በፊት | 20 ከመቶ መዋጮ | ማሽኑ ይወሰዳል | መካከለኛ |
| ፓርክ/ዞን | ሼድ፣ መሠረተ ልማት | ሲገቡ | ውል፣ ቋሚ ምርት | ኪራይ፣ ፍልሰት፣ ጸጥታ | በአዋጅና በውል |
| የግብር እፎይታ | ትርፍ | ሲያተርፉ | የኢንቨስትመንት ፈቃድ | ትርፍ ከሌለ ባዶ | የጊዜ ገደብ አለው |

ማን ምን ይምረጥ

*ቡና ላኪ፣ አነስተኛ ካፒታል።* የቡና ግብይት አዋጅ ቁጥር 1051/2009 አርሶ አደርና አልሚ በቀጥታ እንዲልክ ከፈቀደ ወዲህ ከምርት ገበያው ውጭ መሄድ ይቻላል። የቀረጥ ማበረታቻ ለእርስዎ ትርፍ ወረቀት ነው። ጉልበትዎን ሁለት ነገር ላይ ያውሉ፦ በወቅቱ የሚለቀቅ ቅድመ ጭነት ብድርና ዶላሩን በጥሩ ተመን የሚገዛ ባንክ። ሁለቱ አንድ ባንክ ላይ ባይገኙ ብድሩን ያስቀድሙ። የቡናና ሻይ ባለሥልጣን የሚያወጣውን ዝቅተኛ የመሸጫ ዋጋ ሳያዩ ዋጋ አይስጡ፤ ውልዎ አይመዘገብም። ለአውሮፓ የሚልክ ደግሞ የእርሻውን ቦታ መገኛ ነጥብ ከአሁኑ ይሰብስብ፤ የኅብረቱ የደን ጭፍጨፋ ሕግ ይጠይቀዋል።

*ቡና ቆልቶ የሚልክ።* እዚህ ሒሳቡ ይለወጣል። ቫልቭ ያለው ማሸጊያ ከረጢት ከውጭ ይገባል፤ በትንሽ መጠን ከሆነ በተመላሽ ይጀምሩ፣ በየወሩ መላክ ሲጀምሩ ወደ ቫውቸር ይዙሩ።

*ጋርመንትና ጫማ።* ገዢ ካለዎት ቦንድድ ፋብሪካ ወይም ፓርክ፤ ምርትዎ ለአገር ውስጥና ለውጭ የተከፈለ ከሆነ ቫውቸር። ሁለቱንም ከመጀመርዎ በፊት ጥምርታውን የሚቆጥር ሰው ይቅጠሩ፤ ደመወዙ ከቅጣቱ ያንሳል። ማሽን ከጎደለ ሊዝ።

*ሰሊጥ፣ ጥራጥሬ፣ ቅባት እህል።* ብድርና ምንዛሪ ብቻ። ካለፈው የኪሳራ ዘመን የተረፈ ልማድ ካለዎት፣ ማለትም ከዓለም ዋጋ በላይ ገዝቶ በሚያስገቡት ዕቃ ማካካስ፣ ተመኑ ከተቀራረበ ወዲህ ሒሳቡ አይሠራም። ከ2016 ጀምሮ የውጭ ባለሀብትም ጥሬ ቡናና ቅባት እህል መላክ ስለተፈቀደለት በካፒታል የሚበልጥዎ ሰው ጋር ነው አሁን የሚገበያዩት፤ በዋጋ ሳይሆን በንጽሕናና በጊዜው በማድረስ ይወዳደሩ።

*አበባ፣ አትክልት፣ ፍራፍሬ።* ለእርስዎ ከማበረታቻዎቹ ሁሉ በላይ የሚመዝነው ቀዝቃዛ መጋዘንና የካርጎ ቦታ ነው። ከቦሌ ያለው የርቀት ሰዓት ከግብር እፎይታው ይልቅ ትርፍዎን ይወስናል። ማዳበሪያ፣ ኬሚካልና ፕላስቲክ ከውጭ ስለሚገባ ቫውቸሩንም አይተዉት።

*እንጀራ፣ በርበሬ፣ ሽሮ ለዲያስፖራ።* ዋሽንግተን አካባቢ፣ ስቶክሆልም፣ የባሕረ ሰላጤው ከተሞች ያለው ገዢ በአብዛኛው የሚያውቁት ሰው ወይም የዘመድ ሱቅ ነው። ብድር አያስፈልግዎትም፤ ቅድሚያ ክፍያ ይጠይቁ፤ ዘመድ ቢሆንም በባንክ ይምጣ፤ በሌላ መንገድ የገባ ዶላር ለማቆየት አይቆጠርልዎትም፤ የተላከው ዕቃም ያልተከፈለበት ተደርጎ በስምዎ ይመዘገባል። ወጪዎ ያለው የአየር ጭነቱና የጥራት ማረጋገጫው ላይ ነው። ለአሜሪካ የምግብ ማምረቻዎ በዚያ አገር የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪ ዘንድ መመዝገብ አለበት፤ አውሮፓ ደግሞ በበርበሬ ውስጥ ያለውን አፍላቶክሲን ሳያስመረምር አያስገባም። ከመንግሥት ድጋፍ መጀመሪያ የሚፈልጉት ስለዚህ የላቦራቶሪ ምርመራና የጥራት ሰርተፊኬት ነው፤ ጭነቱ ቦሌ ከመድረሱ በፊት ናሙናውን ያስመርምሩ።